ያገለገለ ትራክተር ሲገዛ ካምቢዮውን መርምሮ ስለመምረጥ

ለአቃቂ ቃሊቲና ለአካባቢው የጥቁር አፈር አራሾች የተዘጋጀ

መግቢያ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በአባ ሳሙኤል አቅጣጫ፣ ዛሬም ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር የሚያመርቱ ገበሬዎች አሉ። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የግጦሽ መሬት ጠቧል፤ በሬ መቀለብም ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ መጥቷል። በዚህ ምክንያት ጥቂት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ያገለገለ ትራክተር ለመግዛት መነሳታቸው የተለመደ ሆኗል።

ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ትራክተሮች ቆመዋል። አንዱ ቤላሩስ ኤም.ቲ.ዜድ. 80፣ ሁለተኛው ማሴይ ፈርጉሰን 290 ነው። ሁለቱም ወደ 80 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሲሆኑ የተጠየቀባቸው ዋጋም ተቀራራቢ ነው። ልዩነታቸው በካምቢዮው ላይ ነው። የቤላሩሱ ካምቢዮ ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚገባ ሲሆን፣ ማሴይ ፈርጉሰኑ ግን መልቲ ፓወር የተባለው በዘይት ግፊት የሚሠራ ተጨማሪ ማርሽ አለው። ታዲያ የትኛው ይገዛ?

ገዥዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት ቀለሙን፣ ጎማውንና የሞተሩን ድምፅ ነው። ሞተር ሲደክም በጭሱና በድምፁ ይታወቃል። የካምቢዮ ድካም ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው ትራክተሩ ጭነት ይዞ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ዝናቡም ጀምሯል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ከክፍያ በፊት መታወቅ ያለበትን ለማስረዳት ነው።

1. የመሬቱ ጠባይ

ምርጫው ከመሬቱ ይጀምራል። የአቃቂ ሜዳ በአብዛኛው ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ጥቁር ሸክላ አፈር ነው። በአገራችን ይህ ዓይነት አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እንደ ድንጋይም ይጠነክራል። ሲርስ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ውኃም ይቋጥራል። በሁለቱ መካከል፣ አፈሩ በእጅ ሲታሽ የሚፈረፈርበትና ለእርሻ የሚመችበት ጊዜ አጭር ነው።

በዚህ አጭር ጊዜ ትራክተሩ ሁለት ነገር ማሟላት ይኖርበታል። አንደኛ፣ ለማረሻው የሚስማማ ፍጥነት መስጠት አለበት። ሁለተኛ፣ ጠንካራ ወይም ረግረጋማ ቦታ ሲያጋጥመው ሳይቆም ማለፍ መቻል አለበት። በእርጥብ ዋልካ መካከል የቆመ ትራክተር እንደገና ሲነሳ ጎማው በቦታው ይዞራል፣ ይቆፍራል፣ በመጨረሻም ይቀበራል። ሁለቱም ነገሮች የሚወሰኑት በካምቢዮው ነው።

2. ሁለቱ ካምቢዮዎች እንዴት ይሠራሉ?

ሀ. የቤላሩስ ካምቢዮ

የቤላሩስ ትራክተር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት በመንግሥት እርሻዎች በብዛት ሠርቷል፤ በናዝሬት ትራክተር ፋብሪካም ተገጣጥሟል። ከዚያ ዘመን የተረፉና ከዚያም ወዲህ የገቡ ቤላሩሶች ዛሬም በየገበሬው ግቢ ይገኛሉ።

የኤም.ቲ.ዜድ. 80 ካምቢዮ 9 የፊትና 2 የኋላ ማርሽ አለው። ከፍሪሲዮኑ በስተኋላ የማርሽ መቀነሻ ስላለ ማርሾቹ እጥፍ ይሆናሉ፤ ይኸውም 18 የፊትና 4 የኋላ ማለት ነው። መቀነሻው የራሱ ዘንግ አለው። ማርሽ ለመለወጥ ፍሪሲዮን ተረግጦ ትራክተሩ መቆም ይኖርበታል። ሥራው ሁሉ የጥርስና የዘንግ ነው፤ በዘይት ግፊት የሚያዝ ክፍል በመካከሉ የለም።

ለ. የማሴይ ፈርጉሰን መልቲ ፓወር

ይህ አሠራር በማሴይ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ መገጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። መሠረታዊው ካምቢዮ 6 የፊትና 2 የኋላ ማርሽ ሲኖረው፣ መልቲ ፓወር እያንዳንዱን ማርሽ ዝቅተኛና ከፍተኛ አድርጎ ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ 12 የፊትና 4 የኋላ ይሆናል። ነጂው ፍሪሲዮን ሳይረግጥና ትራክተሩን ሳያቆም፣ በመሪው አጠገብ ያለውን ትንሽ ዘንግ በማንቀሳቀስ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለውጣል። ከፍተኛው ከዝቅተኛው በ30 በመቶ ገደማ ይፈጥናል።

ሆኖም ማሴይ ፈርጉሰን 290 ሁሉ መልቲ ፓወር አለው ማለት አይደለም። ያለዚህ ክፍል የተሠሩም ስላሉ ዘንጉ መኖሩን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አሠራሩን በምሳሌ እንግለጸው። ከፍተኛው የሚሠራው የዘይት ግፊት የፍሪሲዮን ሰሌዳዎችን እርስ በርስ ሲያጣብቅ ነው። ግፊቱ ሲቋረጥ ሰሌዳዎቹ ይላቀቁና ኃይሉ በዝቅተኛው በኩል ያልፋል። ዝቅተኛው ደግሞ እንደ ብስክሌት የኋላ ጎማ ነው። ፔዳሉ ሲመታ ጎማው ይነዳል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል። ይህን ምሳሌ አንባቢው እንዲያስታውስ እናሳስባለን፤ በክፍል 4 ስለ አደጋ የምንናገረው በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

3. የማርሽ ብዛት ሳይሆን የሥራ ፍጥነት

ሻጩ «ይህ 18 ማርሽ፣ ያኛው 12 ማርሽ ነው» ሊል ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ለዲስክ ማረሻ የሚስማማው ፍጥነት በሰዓት ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «በዚህ ፍጥነት አካባቢ ስንት ማርሽ አለ? እነርሱስ በትክክል ይሠራሉ ወይ?» ተብሎ ነው።

የኤም.ቲ.ዜድ. 80 ለእርሻ የሚጠቅሙት ማርሾች ፍጥነት እንደሚከተለው ነው።

— 2ኛ ማርሽ ያለ መቀነሻ፦ በሰዓት 4.3 ኪሎ ሜትር ገደማ
— 3ኛ ማርሽ ከመቀነሻ ጋር፦ 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ
— 4ኛ ማርሽ ከመቀነሻ ጋር፦ 6.7 ኪሎ ሜትር ገደማ
— 3ኛ ማርሽ ያለ መቀነሻ፦ 7.2 ኪሎ ሜትር ገደማ

መቀነሻው ከተበላሸ ሁለቱ መካከለኛ ፍጥነቶች ይጠፋሉ። የሚቀረው 4.3 እና 7.2 ብቻ ነው። በጠንካራ ዋልካ ላይ 7.2 ለሞተሩ ስለሚከብደው ነጂው በ4.3 ለማረስ ይገደዳል። ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ በሒሳብ ማየት ይቻላል።

በሰዓት የሚታረሰው ሄክታር የሚገኘው የማረሻው ስፋት በሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት በኪሎ ሜትር፣ እና የሥራው ብቃት ተባዝተው ለ10 ሲካፈሉ ነው። ማረሻው 0.8 ሜትር ቢያርስ፣ በመዞሪያና በመቆሚያ ከሚባክነው ጊዜ የተረፈው የሥራ ብቃትም 75 በመቶ ቢሆን፦

— በ5.5 ኪሎ ሜትር፦ 0.33 ሄክታር በሰዓት፣ ወይም በ8 ሰዓት 2.64 ሄክታር
— በ4.3 ኪሎ ሜትር፦ 0.26 ሄክታር በሰዓት፣ ወይም በ8 ሰዓት 2.06 ሄክታር

ልዩነቱ በቀን 0.58 ሄክታር ያህል ነው። በ20 የሥራ ቀን ከ11 ሄክታር ይበልጣል። አንድ የማይሠራ ዘንግ ከማኅበሩ አባላት መካከል የበርካታ ሰዎችን ማሳ ሳይታረስ ያስቀራል ማለት ነው። ሻጩ «መቀነሻው አያስፈልግም፣ እኛም ተጠቅመንበት አናውቅም» ቢል ይህን ሒሳብ ማስታወስ ይገባል።

የመልቲ ፓወር ጥቅምም በዚሁ መንገድ ይታያል። በዝቅተኛው 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ማርሽ በከፍተኛው 6.5 ያህል ይሄዳል። ነጂው በከፍተኛው እያረሰ ጠንካራ ቦታ ሲደርስ ወደ ዝቅተኛው ይለውጣል፤ ካለፈም በኋላ ይመልሳል። ቤላሩስ የሚነዳው ግን ወይ ቆሞ ማርሽ ይለውጣል፣ ወይም ጠንካራውን ቦታ አስቦ ሙሉውን ማሳ በዝቅተኛ ማርሽ ያርሳል። በዋልካ ላይ ይህ ለማሴይ ፈርጉሰኑ ትልቅ ብልጫ ነው።

4. ስለ ቁልቁለት፣ ስለ ማቆምና ስለ ማስነሳት

መልቲ ፓወር ያለው ትራክተር በዝቅተኛው ላይ ሳለ ሞተሩ ቁልቁለት አይዝም። እህል የጫነ ተሳቢ ከኋላ ሲገፋው፣ እንደ ብስክሌቱ ጎማ ብቻውን ይሮጣል። ልማዱ «ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ» ስለሆነ ይህን የማያውቅ ነጂ ለጥንቃቄ ብሎ ያደረገው ለአደጋ ያጋልጠዋል። ስለሆነም ወደ ወንዝ መሻገሪያ ወይም ወደ ማንኛውም ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት፣ ትራክተሩ ሳለ ገና በሜዳው ላይ፣ ካምቢዮውን በከባድ ማርሽ አድርጎ መልቲ ፓወሩን በከፍተኛው ላይ ማቆየት ይገባል። በመውረድ ላይ ሳሉ ወደ ዝቅተኛው መለወጥ ክልክል ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ግፊት ስለማይኖር፣ ዘንጉ የትም ይሁን የት፣ ትራክተሩ በዝቅተኛው ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ የፊት ማርሽ አስገብቶ ቁልቁል ማቆም አያስተማምንም። የእጅ ፍሬን መያዝና ጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ግዴታ ነው። የእጅ ፍሬኑ የማይዝ መልቲ ፓወር ትራክተር ፍሬኑ ሳይጠገን መገዛት የለበትም።

ሌላም ችግር አለ። በዚሁ ምክንያት ይህ ትራክተር ወደ ፊት ተገፍቶ ወይም በገመድ ተጎትቶ አይነሳም። ባትሪው ወይም ሞተሪኖው ከደከመ ባለበት ይቆማል። ቤላሩሱ ግን ተጎትቶ ሊነሳ ይችላል። ከቤላሩሶች አንዳንዶቹ ደግሞ ትልቁን ሞተር በትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚያስነሱ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ሲያጋጥም ትንሿ ሞተር ራሷ ደህና መሆኗ መታየት አለበት።

5. ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ለምርመራው ግማሽ ቀን ይመደብ። የታመነ መካኒክና ትራክተሩን በኋላ የሚነዳው ሰው አብረው ይገኙ። የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠበቅ።

ሀ. ሰነድ። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በትራክተሩ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ካልተስማማ ምርመራው እዚያው ላይ ይቁም።

ለ. በቀዝቃዛው ማስነሳት። ሻጩ አስቀድሞ ሞተሩን እንዳያሞቅ ይነገረው። ጠዋት ሲደርሱ የሞተሩ አካል በእጅ ይነካ። ሞቆ ከቆየ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል።

ሐ. የካምቢዮ ዘይት። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የዘይት መለኪያው ተመዞ ይታይ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። በጣትና በጣት መካከል ሲታሽ የብረት ብናኝ ከተገኘ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው። በጣም አዲስና ንጹሕ ዘይትም ጥያቄ ያስነሳል፤ ለምን እንደተለወጠ ይጠየቅ።

መ. ዋናው ፍሪሲዮን። ከትራክተሩ ፊት ሰው አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የእግርና የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ፈጣን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን በዝግታ መልቀቅ። ሞተሩ ሊጠፋ ይገባል። ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ሠ. እያንዳንዱ ማርሽ። ሁሉም ማርሽ፣ የኋላውም ጭምር፣ በተራ ይሞከር። በቤላሩሱ ላይ መቀነሻው ገብቶና ወጥቶ ሁለት ጊዜ መሞከር አለበት። ነጂው ነዳጅ ሰጥቶ ድንገት ሲለቅ ማርሹ ከተፋ፣ ጥርሱ ወይም የማርሽ ሹካው ተበልቷል ማለት ነው። ፍሪሲዮን ተረግጦ እንኳ ማርሽ እየጮኸ የሚገባ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይለቅም።

ረ. መልቲ ፓወር። ይህ ሙከራ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ መደረግ አለበት። ትራክተሩ ማረሻ ወይም የተጫነ ተሳቢ እየሳበ በዝቅተኛና በከፍተኛ መካከል ደጋግሞ ይለወጥ። በከፍተኛው ላይ ሞተሩ እየጮኸ ጉዞው ከዘገየ፣ ወይም ከተለወጠ በኋላ ለመያዝ ብዙ ሴኮንድ ከፈጀ፣ ግፊቱ ደክሟል ወይም ሰሌዳዎቹ አልቀዋል።

በዚህ ላይ እኛም ተሳስተን እናውቃለን። ከዓመታት በፊት ገበሬዎችን ይዘን አንድ ትራክተር ጠዋት በቀዝቃዛው ሞክረን በከፍተኛው በሚገባ ስለሳበ «ደህና ነው» አልን። ከሰዓት በኋላ በማሳ ላይ ዘይቱ ሲሞቅ ግን ከፍተኛው መሳብ አቆመ። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ባረጀ ጎሚኒ በኩል ቶሎ አያመልጥም፤ ሲሞቅ ይቀጥንና ያመልጣል፣ ግፊቱም ይወድቃል። ገበሬዎቹ ያን ክረምት በዝቅተኛው ብቻ አረሱ። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ አንድ ሰዓት በሥራ ላይ ሳናሞቀው አስተያየት አንሰጥም።

ሰ. ማንሻና ኃይል ማውጫ። ማረሻው ተነስቶ ሞተሩ ይጥፋ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማረሻው በጣም ከወረደ የማንሻው ጎሚኒ ያፈሳል። ኃይል ማውጫ ዘንጉ ገብቶ ወጥቶ ይታይ፤ መከለያው መኖሩም ይረጋገጥ። ትራክተሩ ሲዞር ያልታሰረ ልብስ ወይም ነጠላ ያለው ሰው እንዳይጠጋ።

ሸ. በማሳ ላይ ማረስ። የመጨረሻው ፍርድ እዚህ ላይ ነው። በኋላ ጎማው ላይ በኖራ ምልክት ተደርጎ፣ ማረሻው ከመሬት ተነስቶ ሳለ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር የተሄደው ርቀት ይለካ። ከዚያ እያረሰ 10 ጊዜ ሲዞር እንደገና ይለካ። ለምሳሌ የመጀመሪያው 46 ሜትር፣ ሁለተኛው 40 ሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ 6 ሜትር ወይም 13 በመቶ ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ያለው መንሸራተት ደህና ነው። ከዚህ እጅግ ከበለጠ ጎማው አልቋል፣ ትራክተሩ ክብደት ያንሰዋል፣ ወይም መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ይህን ለካምቢዮ ድካም መቁጠር ስሕተት ነው።

6. ስለ ጥገናና ስለ መለዋወጫ

ሁለቱም ካምቢዮዎች ይበላሻሉ፤ አበላሻቸውና አጠጋገናቸው ግን ይለያያል። የቤላሩሱ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ይጮኻል፣ ማርሽ ይተፋል፣ ግን ብዙ ጊዜ ክረምቱን ይጨርሳል። ዘንግና ሹካ በብረታ ብረት ሥራ ቤት ሊስተካከል ይችላል። ክፍሎቹም ብዙ መካኒኮች በእጃቸው ያለፉ ናቸው።

መልቲ ፓወር ደግሞ የንጹሕ ዘይት ልጅ ነው። የዘይት መጠኑ ሲጎድል ወይም ማጣሪያው ሲደፈን ግፊቱ ይወድቃል። ሰሌዳዎቹንና ጎሚኒውን ለመለወጥ ትራክተሩ ከመካከሉ ለሁለት መከፈል አለበት። ይህን ሥራ የሚያውቅ መካኒክና ንጹሕ ቦታ ያስፈልጋል። ቢሆንም ከፍተኛው ሲደክም ዝቅተኛው ስለሚቀር ትራክተሩ ጨርሶ አይቆምም፤ በግማሽ አቅም ይሠራል።

የአቃቂ ቃሊቲ ገበሬ ከሌሎች አካባቢዎች ይልቅ ዕድለኛ ነው። ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ባለው መንገድ ጋራዦች አሉ። ይሁን እንጂ «ጋራዥ አለ» እና «ይህን ካምቢዮ ከፍቶ የሚያውቅ መካኒክ አለ» አንድ አይደሉም። ከመግዛት በፊት መካኒኩ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ፣ የጎሚኒና የሰሌዳ ዋጋም ከመለዋወጫ ሱቅ ማወቅ ይገባል። ትራክተሩን ከአካባቢው ውጪ ለኪራይ ሥራ የሚያሰማራ ማኅበር ደግሞ ማሰብ ያለበት ስለ ቃሊቲ ጋራዥ ሳይሆን ብልሽቱ ሊደርስ ስለሚችልበት ቦታ ነው።

7. ምርጫው

ከዚህ በላይ የተገለጸውን መሠረት በማድረግ የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ. ነጂዎቹ ብዙ ከሆኑ፣ ተሳቢ በቁልቁለት የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም ሥራው ከጋራዥ ርቆ የሚከናወን ከሆነ፣ መቀነሻው በትክክል የሚሠራው ቤላሩስ ይመረጥ።

2ኛ. መሬቱ ሜዳና ዋልካ ከሆነ፣ አንድ የሠለጠነ ቋሚ ነጂ ካለ፣ ዘይትና ማጣሪያ በወቅቱ የሚለውጥ ኃላፊ ከተመደበ፣ መልቲ ፓወሩም ዘይቱ ሞቆ በጭነት ተሞክሮ ካለፈ፣ ማሴይ ፈርጉሰኑ ይመረጥ።

3ኛ. መቀነሻው የማይሠራ ቤላሩስና ከፍተኛው የሚንሸራተት ማሴይ ፈርጉሰን ብቻ ከቀረቡ፣ የሁለቱም የጥገና ዋጋ በጽሑፍ ከመካኒክ ይቀበሉ፤ ከተጠየቀው ዋጋ ላይም ይቀነስ። ሻጩ ካልተስማማ አለመግዛት ይሻላል። ለአንድ ክረምት ትራክተር ተከራይቶ ወይም በበሬ አርሶ መቆየት፣ በተበላሸ ትራክተር ምክንያት የዘር ጊዜ ከማሳለፍ ይቀላል።

4ኛ. የትኛውም ቢገዛ፣ ከተዋጣው ገንዘብ ውስጥ ለመጀመሪያው ዓመት ዘይት፣ ማጣሪያና ጥገና የሚሆን ተለይቶ ይቀመጥ። ሁሉን ለግዢ አውጥቶ ባዶ እጅ መቅረት ደህናውን ትራክተር ያበላሻል።

ማጠቃለያ

ትራክተር የሚገዛው ለጌጥ ሳይሆን አፈሩ ለእርሻ በሚመችበት በዚያ አጭር ጊዜ እንዲሠራ ነው። ጤፍና ስንዴው በክረምት፣ ሽምብራና ምስሩ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ሲዘራ ትራክተሩ ጋራዥ ውስጥ ከተኛ፣ የዋጋው መርከስ ምንም አልጠቀመም። ስለሆነም ግዢው በበጋ፣ ጊዜ ሳለ ይፈጸም። ምርመራው በቀዝቃዛው ተጀምሮ በሞቀው ይጠናቀቅ። ከአባላቱም መካከል የማርሽ ዘንጉን በእጁ ይዞ በማሳው ላይ ያልሞከረ ነጂ ሳይኖር ውል አይፈረም።